አምስተኛውን ክፍል ስከፍት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ኤክስቴንሽኔ ጠፋ። ጠፋ ስል ተሰረቀ ማለቴ ነው። ትናንት ከመተኛቴ በፊት ጠቅልዬ በረንዳው ምስማር ላይ ሰቅዬው ነበር፤ ጠዋት ምስማሩ ብቻ ቀረ። ከጎኑ የተሰጣው ጃኬቴ አለ። አዲሱ ባልዲ አለ። ጃኬትና ባልዲ ትቶ አሮጌ ኤክስቴንሽን የሚሰርቅ ሌባ የት አገር ነው ያለው?

የክፍሌ ሶኬት አይሠራም። መብራት የምስበው ከበረንዳው ነው። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ኤክስቴንሽን ከሌለ ሥራ የለም። የወሰደው ሰው ይህን ያውቃል። የውጭ ሰው አይደለም።

ከዓመት በኋላ ሳነበው ግራ እንዳይገባኝ ሥራው ምን እንደሆነ ልጻፈው። የአንድ ፊልም ሙዚቃ ነው። ፊልሙ፣ ወርቅ ሊያጥብ ሄዶ የቀረ ባሏን ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ የምትዞር ሴት ታሪክ ነው። ታሪኩ እንኳ ይህን ያህል አይደለም። ሙዚቃው ግን፣ አቤት! ሙሉ ኦርኬስትራ ነው። በካሴትም በሲዲም ለብቻው ወጥቶ አያውቅም። እንደኔ ፍቅሩ የያዛቸው ሰዎች በስልክ ግሩፕ ከፍተው ‹ማን አለው፣ ማን አለው› ሲባባሉ ይውላሉ። ማንም የለውም። ስለዚህ እኔ ከፊልሙ ሥር እየጎተትኩ እያወጣሁት ነው። ንግግሩን አጠፋለሁ፣ ዝናቡን አጠፋለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። አንድም ቃል የሌለበት፣ ዓይን ጨፍነው የሚሰሙት ባለ አምስት ክፍል የኦርኬስትራ ስዊት፣ ተያይዞ የሚሰማ አንድ ሙዚቃ፣ ይሆናል። ያዘዘኝ የለም። ወር በገባ ቁጥር ‹በዚህ ወር ያልቃል› እላለሁ፤ በዚህ ወር ግን የምር ያልቃል። ለግሩፑም ቃል ገብቻለሁ።

ፊልሙን ያየሁት ድባጤ፣ የራሴ ፎቶና ቪዲዮ ቤት በነበረኝ ጊዜ ነው። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ሱቁም ቤቱም ቀረ፤ እኔ በነጠላ ጫማ አሶሳ ገባሁ። ፊልሙ ኪሴ ውስጥ ሚሞሪ ላይ ነበር። ተርፎ የመጣ ንብረቴ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ትናንት ከሥራ መልስ አምስተኛውን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ስፒከር ከፈትኩት። ዛሬ ኤክስቴንሽኑ የለም። አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ተጠርጣሪዎች፦

ናስር። የአከራዬ የእማማ ሐዋ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂ። ትናንት ሙዚቃው ሲከፈት በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ አላማረኝም።

ጋሽ ይመር። የግድግዳ ጎረቤቴ፣ እህል ነጋዴ። በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰው ናቸው። ሁሉን ያውቃሉ፣ ምንም አይናገሩም።

እማማ ሐዋ ራሳቸው። ኧረ ወዲያ! እጄ ባይታዘዘኝም ጻፍኩት። ድባጤ ላይ ጉድ የሠራኝ ያልጠረጠርኩት ነው፤ ከእንግዲህ ማንንም አልዘልም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እማማ ሐዋ ከሁለት የጎረቤት ሴቶች ጋር ማንጎው ሥር ተቀምጠው በበርታ ቋንቋ ያወራሉ። ናስር ባጃጁን እያጠበ ጣልቃ ይገባል። በሩን ገፍቼ ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። ‹ብርቄ፣ ደህና ዋልክ?› አሉኝ እማማ ሐዋ። ለእሳቸው ሴትም ወንድም ‹አንተ› ነው፤ ድሮ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ዝምታውን ነው። ሁሉም እግሬን እያዩ ዝም።

ይህን ያህል ዓመት እዚህ ኖሬ ቋንቋቸውን አለመማሬ ዛሬ አናደደኝ። የማውቀው ሰላምታ፣ ውሃ፣ ና፣ ሂድ ብቻ ነው፣ ያውም ተሳስቼ። ከበሩ ውጪ ሳለሁ ግን አንድ ቃል ጥርት ብሎ ገብቶኛል። ዙምባራ።

ዙምባራ ምን አገባቸው? መቼስ ዙምባራው የእነሱ ነው፤ ያ ረጅሙ የቅል መለከት። በፊልሙ መጨረሻ ሴትዮዋ መንደሩ ስትደርስ ይነፋል፣ ኦርኬስትራው ከሥሩ ቀስ ብሎ ይገባል። የስዊቴ አምስተኛ ክፍል እሱ ነው። እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው ካንዱ አፍ ወዳንዱ አፍ እየዘለለ ነው የሚሠራው። ለኤዲት መከራ ነው። የትም ብቆርጠው የአንዱ ሰው ተራ ይቀራል።

አሁን ገባኝ መሰለኝ። ‹የእኛን መለከት ልትሸጠው ነው› ብለው ይሆናል። መጤዋ ሴትዮ የአባቶቻችንን ነገር በኮምፒዩተር ቆራርጣ ልትነግድበት! እንዲህ ካሉ ሰው ጠርቶ ማስረዳት አለ፤ ዝም ብሎ መጠቃቀስ ምን የሚሉት ነው?

ትንሽ ድል፦ ሁለተኛው ክፍል። ቼሎው፣ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ ቫዮሊን፣ ከሁሉ በሚያምርበት ቦታ ሴትዮዋ ‹ወንዙ ጎድሏል፣ ና› ትላለች። ስንት ጊዜ ላጠፋት ሞክሬ ቼሎው አብሯት ይጠፋል። ዛሬ ያንኑ ዜማ ኋላ ላይ፣ ዝናቡ የሚዘንብበት ቦታ፣ አገኘሁት። ዝናብ ከሰው ይሻላል፤ በቀላሉ ይለቃል። አምጥቼ ቀጠልኩት። እሰይ! መጋጠሚያው የት እንደሆነ እኔም ጠፋኝ።

ይህን የሠራሁት የላፕቶፑን ገመድ በእማማ ሐዋ ሳሎን ሰክቼ ነው። ስሰካ እያዩኝ ነበር። ምንም አላሉም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከምሠራበት ፎቶ ቤት ኤክስቴንሽን ተዋስኩ። ባለቤቱ የኔን ማን ወሰደው ሲለኝ ‹ሰዎች› አልኩት። እየሳቀ ሰጠኝ። ይሳቅ።

ማታ ናስር መንገድ ላይ አገኘኝና በባጃጁ አመጣኝ። ትንሽ እንደሄድን ወደ መስታወቱ እያየ ‹ያ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?› አለኝ። የቱ ነገር አልኩት። ‹ያ... የሚነፋው።› ሲያልቅ ያልቃል አልኩ። መልሶ ‹በትልቁ ስፒከር ካልሆነ አይሠራም እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ። ልብ በሉ፣ ይህ ልጅ የራሱን የባጃጅ ስፒከር ከፍቶ ሲመጣ ከአደባባዩ ወዲያ ነው የሚሰማው። ዛሬ የጎረቤት እንቅልፍ አሳሰበው?

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩን አንኳኳ። ሄድፎን ይዟል። አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ ትልቁን ዓይነት። ‹ላንቺ ነው፣ ለሥራሽ ይሆንሻል› ብሎ እጄ ላይ ጥሎልኝ ሄደ።

ስጦታ! ልደቴ አይደለም። በዓል አይደለም። ናስር ለእናቱ እንኳ ያለ ኢድ ምን ገዝቶ ያውቃል? ጥፋት ያለበት ሰው ነው ስጦታ የሚያመጣው። ኤክስቴንሽን ሰርቆ በሄድፎን መካስ፣ እሱ አንድ ግምት ነው። ሁለተኛው ግምት የምሠራውን በዚህ በኩል ሊሰሙት ፈልገው ነው። ይህን ስጽፈው ራሴን ታዘብኩት፤ ቢሆንም በትንሿ ስክሩ ድራይቨር ከፈትኩት። ምንም የለበትም። ስፖንጅና ሽቦ።

መልሼ ገጠምኩት። ድምፁ ደግሞ ሲያምር! ይሄ ነው ያበሳጨኝ። አንደኛው ክፍል ላይ ስንት ወር ያልሰማሁትን አንድ ሳል አገኘሁ፤ ቫዮሊኖቹ መሃል የተቀመጠ ሰው ሲያስል። አወጣሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ነገሩ ለየለት።

ሄድፎን ጥሩ ነው፣ ወፍራሙን ድምፅ ግን ይዋሻል። የአምስተኛውን ክፍል መጋጠሚያ በስፒከር ካልሰማሁት አላምነውም። ከሥራ ቀደም ብዬ መጣሁ፣ ገና ፀሐይ ነበር፣ ከፈትኩ። ሁለተኛው ዙምባራ ገባ፣ ድርግም! መብራት ጠፋ። አሶሳ ነው፣ ይጠፋል፣ ምን ይደንቃል ብዬ ወጣሁ። የእማማ ሐዋ ሬዲዮ ያወራል። የጋሽ ይመር አምፖል በርቷል። ናስር ቆጣሪው ጋ ቆሟል። ‹ፊውዙ ነው› አለ፣ ሳያየኝ።

መለሰው። ሦስተኛውን ክፍል ከፈትኩ፣ ሆን ብዬ፣ ድምፁን ጨምሬ። እስከ መጨረሻው ተጫወተ። አራተኛውን ከፈትኩ፤ ተጫወተ። አምስተኛውን ከፈትኩ። ጠፋ። ፊውዝ ሙዚቃ ይመርጣል እንዴ?

ከዚያ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱን አውቃቸዋለሁ፤ የዙምባራ ነፊዎቹ አለቃ ናቸው ይባላል። ከእማማ ሐዋ ጋር ማንጎው ሥር ተቀመጡ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። ያወራሉ፣ ወደ መስኮቴ ያያሉ፣ ያወራሉ። ስሜ ሁለቴ ተጠራ። እማማ ሐዋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እምቢ እንደሚል ሰው። ምኑን ነው እምቢ የሚሉት? እኔን ማስወጣቱን? ወይስ እኔን ማቆየቱን?

መጻፍ አልቻልኩም ነበር፣ ይሄን የምጽፈው ሻይ ከጠጣሁ በኋላ ነው። ድባጤም እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ሰላምታው አጠረ። ከዚያ እኔ ስደርስ ወሬ መቆም ጀመረ። ‹ምን አለ?› ብዬ አልጠየቅኩም፣ የነገረኝም የለም። አንድ ቀን በር ላይ ጩኸት መጣ፣ አለቀ።

ቡለን ያለው ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ‹ምን ታደርጊያለሽ እዛ፣ ነይ፣ ከኛ ጋር የሚሆነውን እንሆናለን› አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን መሄድ አልፈልግም። ይቺን ክፍል ወድጃታለሁ። ማንጎውን ወድጄዋለሁ። እማማ ሐዋን፣ ምን ልበል፣ ወድጃቸዋለሁ። እንደገና ከተነቀልኩ ሌላ ቦታ የምጀምርበት ጉልበት የለኝም። ይሄን ለወንድሜ አልነገርኩትም።

ማታ እማማ ሐዋ እንደ ሁልጊዜው የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አምጥተው ‹ብላ፣ ከሳህ› ብለውኝ ሄዱ። በላሁት። መጀመሪያ ግን ለግቢው ድመት ቀመስ አደረግኩላት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

መናኸሪያው አካባቢ ክፍል አለ ብለውኝ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ጨለማ ነው፣ መስኮቱ የሚከፈተው ሽንት ቤት ላይ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ‹ብቻሽን ነሽ? ባል የለሽም?› እያለ አደከመኝ። ወጣሁ።

ጋሽ ይመርን በግልጽ ጠየቅኳቸው። ጆንያ እየሰፉ ነበር። ጋሼ፣ በዚህ ግቢ እኔ ላይ ምን እየተመከረ ነው አልኳቸው። መርፌው ቆመ። ‹አፈር ስሆንልሽ፣ ምን ይመከራል ብለሽ ነው?› አሉ። ይንገሩኝ አልኩ። ‹ምን እነግርሻለሁ እቴ... አንች ብቻ ያን ነገር ቀነስ አርጊው በይ።› ድምፁን? ‹ድምፁንም... ነገሩንም... ኧረ አንች የተማርሽ ሰው አይደለሽ?› ብለው ጆንያውን አንስተው ገቡ። የእህል ሰው ናቸው፤ ሚዛን ላይ ካልሆነ ግልጽ ነገር አይወጣቸውም።

ሥራው ግን፣ ሥራው! አራተኛው ክፍል የሚያልቅበት ድምፅና ዙምባራው የሚጀምርበት ድምፅ አይገናኙም፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ይዛነፋሉ። እስካሁን ዙምባራውን ወደ ቫዮሊኖቹ ላስጠጋ ነበር የምታገለው። በሶፍትዌር ስነካው እንደ ዳክዬ ይሆናል። ዛሬ በንዴት ተገላቢጦሹን አደረግኩ። ቫዮሊኖቹን፣ ቼሎውን፣ ሁሉን ወደ ዙምባራው ዝቅ አደረግኳቸው። ገጠመ! ያ ሁሉ ኦርኬስትራ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ጸጉሬ ቆመ። ሰው ብጠራ፣ ስሙልኝ ብል፣ ማንን? የሚሰማኝ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው።

እሺ። ነገ እረፍቴ ነው። ስዊቱን በሙሉ፣ ከአንድ እስከ አምስት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሬን ከፍቼ አሰማለሁ። ከስልኬ ነው የማጫውተው፤ ስፒከሩን ቻርጅ ላይ አድርጌዋለሁ። ፊውዝ አይነካውም። ማን እንደሚመጣና ምን እንደሚያደርግ ዓይኔ ይይ። የሚያባርሩኝ ከሆነ ፊት ለፊት ያባርሩኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ከየት ልጀምር።

ስፒከሩን በረንዳው ላይ አወጣሁት። እማማ ሐዋ ማንጎው ሥር ባሚያ ይከትፋሉ። ጋሽ ይመር ወደ መጋዘን አልሄዱም ነበር፣ ጨጓራቸውን አሟቸው። ናስር ባጃጁ ሥር ተኝቶ የሆነ ነገር ይፈታል። ሁሉም አሉ። ከፈትኩ።

አንደኛው ክፍል፣ ምንም። ሁለተኛው ላይ፣ ያ ቼሎ ሲመጣ፣ እማማ ሐዋ ቢላዋውን አስቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ሲያልቅ ‹ደስ ይላል፣ ወላሂ፣ ትንሽ ያስለቅሳል› አሉኝ። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ፤ ወጥመድ እያጠመድኩ መሆኔ ትዝ ብሎኝ ተውኩት። ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው አለፈ። ኦርኬስትራው ጎንበስ አለ፣ ዙምባራው ገባ።

እማማ ሐዋ ብድግ አሉ። ወደኔ የሚመጡ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። አልመጡም። በዚያ እድሜያቸው እየሮጡ በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ ሄዱ፣ እዚያ ወደዘሩት ማሽላ። ዞሬ ሳይ የለበሱትን ቶብ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ማሽላው ፊት ቆመዋል፣ ልጁን ከብርድ እንደሚከልል ሰው። ናስር ደግሞ ከባጃጁ ሥር ወጥቶ፣ እጁ ዘይት በዘይት እንደሆነ፣ ስፒከሬን አቅፎታል። ማጥፊያው የት እንደሆነ ስላላወቀ ሆዱ ላይ ለጥፎ ሊያፍነው ይታገላል። ዙምባራው ከደረቱ ውስጥ ይነፋል።

አበድኩ። ሌባ! አልኩት። ኤክስቴንሽኔን የሰረቅከው አንተ ነህ! ‹አዎ› አለ። እንዲህ፣ በቀላሉ፣ አዎ። ፊውዙንስ? ‹እኔ ነኝ። መጀመሪያ አጥፊው በናትሽ!› ሽማግሌዎቹስ የመጡት ልታባርሩኝ አይደል? አገር ምድሩ ይስማ ብዬ ነው የጮህኩት። ንገሩኝና ልሂድ፣ በጨለማ አትምጡብኝ አልኩ። ከዚህ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም፣ ስለ ድባጤ ብዙ ነገር ተናገርኩ መሰለኝ። ጋሽ ይመር ናቸው ስልኬን ከእጄ ወስደው ያጠፉት።

እማማ ሐዋ ከጓሮ መጡ። ‹ማባረር? ማነው የሚያባርር?› አሉ። የምር አልገባቸውም። ናስርን በቋንቋቸው ጠየቁት፣ ሲነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ማሽላው ወሰዱኝ። አንዱን ራስ ወደኔ አዘነበሉ፣ ፍሬ ፈልቅቀው በጥፍራቸው ጨመቁት። ነጭ ወጣ። ‹አየህ? ገና ወተት ነው። ማሽላ ይሰማል፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። ዙምባራ መቼ ይነፋል? እህል ሲገባ። አሁን ሲሰማ ኻላስ፣ አለቀ፣ እኔ ገብቻለሁ ይላል፣ ይተኛል። ጎተራ ባዶ።›

ናስር ከኋላ ሆኖ ያስረዳል። ወጣቶቹ እንኳ ግድ የላቸውም፣ ካሜራ የያዘ እንግዳ ከመጣ ከሰፈር ወጥተው በክረምትም ይነፉለታል፤ እናቱ ግን እንደነሱ አይደለችም፣ የጎረቤት ሴቶቹም አይደሉም። እህል ሳይገባ ዙምባራ በዚህ ሰፈር ተሰምቶ አያውቅም። ስፒከር ነው ብንላቸው ‹ማሽላው ስፒከር ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?› አሉ አለኝ።

ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? ይህን ያህል ቀን፣ በኤክስቴንሽን፣ በፊውዝ፣ በሄድፎን! አንድ ቃል እኮ ነበር።

ናስር እናቱን አየ። እማማ ሐዋ መሬት መሬት እያዩ ነው የመለሱልኝ። ‹አንተ እንግዳ ነህ። ሸሽቶ የመጣ ሰው ተው አይባልም። ቤቱን ያጣ ሰው ተው ስትለው፣ ሂድ ይሰማል።› ለልጃቸው፣ ለጎረቤቶቹ፣ ለሁሉም፣ ማንም ብርቄን ተው እንዳይላት ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ማክሰኞ የመጡት ‹ይነገራት› ሊሉ ነው። እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት። በመጨረሻ የተስማሙት ጋሽ ይመር በዘዴ እንዲነግሩኝ ነው፣ እሳቸውም ከሌላ አገር የመጡ ሰው ስለሆኑ አይከፋትም ተብሎ።

‹ነገርኋት እኮ፣ ቀነስ አርጊው አላልኋትም?› አሉ ጋሽ ይመር።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ለቅሶዬ መጣ። ከዚያ፣ ማንም ባይጠብቀውም እኔም ባልጠብቀውም፣ ንዴቴ መጣ። አፍሬያለሁ፣ ድመቷ ትመስክርብኝ። ግን ይህን ያህል ዓመት በዚህ ግቢ የኖርኩ መስሎኝ፣ ለካ ሲያስተናግዱኝ ነበር! ያ ሁሉ ገንፎ፣ ያ ሁሉ ‹ብላ ከሳህ›። በሩን ስወረውረው፣ ውሃ ስደፋ፣ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። ጥሩ ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር። እንግዳ ስለሆንኩ ነው።

እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ አይደለሁም፣ ተው ይበሉኝ አልኳቸው።

አሰቡበት። ‹ተው› አሉኝ፣ በቀስታ፣ የታመመ ሰው እንደሚያናግር ሰው።

ናስር ኤክስቴንሽኑን ከባጃጁ ወንበር ሥር አውጥቶ ሰጠኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ለግሩፑ አራቱን ክፍሎች ላክሁ። አምስተኛው ማሽላ ሲገባ ይመጣል ብዬ ጻፍኩ።

ጉድ ፈላ። አንዱ ‹ፋይሉ ጠፍቶባት ነው፣ ታውቃላችሁ› አለ። አንዷ ‹ለአንድ ሙዚቀኛ ሸጣዋለች› አለች። ግሩፑን የከፈተው ልጅ በግሌ መጥቶ ‹እውነቱን ንገሪኝ፣ ከኋላሽ ማነው ያለው?› አለኝ። ማሽላ ነው አልኩት። እኔ ብርቄ፣ ዓለሙን ሁሉ ስጠረጥር የኖርኩ፣ ዛሬ ተጠርጣሪ ሆንኩ። ደስ አይልም። ሰው ሲጠረጥርህ የምትናገረው እውነት ሁሉ የተዘጋጀ ይመስላል።

አራቱን ብቻ ስሰማው ደግሞ መጨረሻው ያሳዝናል። ኦርኬስትራው ጎንበስ ይላል፣ የሚገባ የለም፣ ያልቃል። የሚመጣ እንግዳ በር ከፍቶ እንደመጠበቅ ነው። ጎሽ የሚል ሰው ግን አልጠፋም፤ አንድ ሰው ሁለተኛውን ክፍል ደጋግሜ ሰማሁት ብሎ ጽፎልኛል።

ማታ እማማ ሐዋን ጠየቅኳቸው፣ በሄድፎንስ? ማሽላው ይሰማል? አሰቡና በሩን ዘጉ፣ መስኮቱን ዘጉ፣ ተቀመጡና ጭንቅላታቸውን ሰጡኝ። አምስተኛውን ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መቁጠር ጀመረ፣ የእያንዳንዱን ነፊ ተራ። ሲያልቅ አውልቀው ‹ኻላስ፣ ሌላው ኅዳር› አሉ።

አንድ ጥርጣሬ ግን አልለቀቀኝም፣ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ። ተው ያሉኝ ስለጠየቅኳቸው ነው። ለምነው ያገኙት ቁጣ ቁጣ ነው? ዛሬ ገንፎ ሲያመጡ ‹ብላ› ካሉኝ በኋላ ‹ቅር አላለህም አይደል?› ብለው ሁለቴ ጠየቁኝ። እንግዳ ነው እንዲህ የሚጠየቀው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ላይ ነበርኩ። የግሩፑ ሰው ሌላ ነገር ጽፎ፣ እየመለስኩለት ገባሁ። የግቢውን በር አልዘጋሁትም።

ልብሴን ልቀይር ስል ጩኸት ሰማሁ። ወጣሁ። የጎረቤት ፍየሎች ማሽላው ውስጥ ገብተዋል፣ ሦስት ይሁኑ አራት፣ አንደኛዋ የማሽላ ራስ ቀንጥሳ ቆማ ታኝካለች። እማማ ሐዋ የቀርከሃ ዘንግ ይዘው ከወዲያ ይመጣሉ። የጮሁት ፍየሎቹ ላይ መስሎኝ ነበር። እኔ ላይ ነው!

‹ብርቄ! አይን የለህም? በር ማን ይዘጋል? አባትህ መጥቶ ይዘጋል?› ይህ የገባኝ ነው። ከዚያ ወደ በርታው ዞሩ፣ ከዚያ ወደ አረብኛው፣ ከዚያ መልሰው ወደ አማርኛ ‹ስልክ! ስልክ! ስልክ ብላ እንግዲህ!› ዘንጉ በአጠገቤ አለፈ። ለፍየሏ ይሁን ለኔ እስካሁን አላወቅኩም። በነጠላና በነጭ ቀሚስ ማሽላው ውስጥ ገብቼ ፍየል ሳባርር የጎረቤቱ ሴት ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ናስር እየሳቀ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ጋሽ ይመር ከደጅ ሲገቡ ቀሚሴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ። እማማ ሐዋ ተቆጡኝ አልኩ። ‹ኧረ? አንችን?› እንዴት ተቆጡኝ መሰለዎት፣ አባቴን ሳይቀር አነሱት አልኳቸው። ከደስታዬ ብዛት እየተንተባተብኩ ነው የነገርኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሁለቴ በደጃቸው አለፍኩ። ፊታቸውን አዞሩ። ሻይ ይዤ ሄድኩ፣ ‹አልፈልግም› አሉኝ። ማታ ገንፎ አልመጣም። እስከዚህ ሰዓት ድረስ አልመጣም። ዳቦ በሻይ በልቻለሁ።

አሁን ወንድሜ ደወለ። ‹መኪና አግኝቼልሻለሁ፣ መቼ ነው የምትመጪው?› አለኝ። አልመጣም አልኩት። ‹ምን ተፈጠረ ደግሞ?› አለ። አከራዬ ተጣልተውኛል፣ ሳልታረቅ የት እሄዳለሁ አልኩት።